ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ መዝገቡ ወዴት ይሄዳል?

ኢንተርኔት ሲቆም በቤትም ሆነ በቢሮ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው፤ ራውተሩ ከሶኬት ይነቀላል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ተመልሶ ይሰካል። ወደ ደንበኞች አገልግሎት የደወለ ሰውም ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚሰማው መመሪያ ይኸው «አጥፍተው ያብሩት» የሚለው ነው። መመሪያው ስህተት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም ኢንተርኔቱን ይመልሳል። ነገር ግን ትናንሽ ራውተሮች በሥራ ላይ ሳሉ የሚያጋጥማቸውን የሚመዘግቡት ኃይል ሲቋረጥ ባዶ በሚሆን ማህደረ ትውስታ ላይ በመሆኑ፣ ሶኬቱ በተነቀለበት ቅጽበት መስመሩ ለምን እንደቆመ ሊናገር የሚችለው ምስክር አብሮ ይጠፋል። ኢንተርኔቱ ይመለሳል፣ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቀራል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሲመጣ እንደ አዲስ ነገር ይቆጠራል።

ይህን የምጽፈው በራሴም ላይ ስለደረሰ ነው። የአንድ አነስተኛ ቢሮ ኔትወርክ በትርፍ ጊዜዬ እከታተል በነበረበት ወቅት፣ ኢንተርኔቱ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ረፋድ ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆም ነበር። ሠራተኞቹ ራውተሩን ነቅለው ይሰኩታል፣ ኢንተርኔቱም ይመለሳል። እኔ ከሰዓት በኋላ ደርሼ መዝገቡን ስከፍት የማገኘው ራውተሩ ከተነሳ ወዲህ የተጻፈውን ብቻ ነበር፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሁሉም ደህና ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ጥፋቱ የመስመሩ ነው ብለን ለአገልግሎት ሰጪው ደጋግመን አመለከትን። በመጨረሻ ባትሪው ገና የሚይዝ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝቼ፣ ራውተሩ የሚጽፈውን መልእክት ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ላፕቶፑ እንዲልክ አደረግሁ።

ከሚቀጥለው መቋረጥ በኋላ ላፕቶፑ ላይ ያገኘሁት መዝገብ፣ ራውተሩ በዚያ ረፋድ የተነሳው ሁለት ጊዜ መሆኑን አሳየ። በመጀመሪያ የመልእክቱ ፍሰት በድንገት ይቆማል፤ ከአጭር ዝምታ በኋላ የኬብል ወደቦቹ መከፈታቸውን የሚናገሩ የመነሻ መልእክቶች ይመጣሉ፤ የኢንተርኔቱ መስመር ተገናኝቶ ሳያበቃ እንደገና ዝምታ ይሆናል፤ ከዚያም ሁለተኛው መነሻ ይከተላል። ሁለተኛው የሠራተኞቹ እጅ ነው። የመጀመሪያውን ግን ማንም አልነካውም። ራውተሩ በራሱ ጊዜ እየጠፋ ይነሳ ነበር፣ ሰዎቹ ትዕግሥት አጥተው የሚነቅሉት ደግሞ ለመነሳት እየሞከረ ያለውን ራውተር ነበር ማለት ነው። እያንዳንዱ መንቀል የመጀመሪያውን መጥፋት ዱካ ይደመስስ ስለነበር፣ እውነቱ ሁልጊዜ ከእኛ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሰወር ነበር። ከዚህ በኋላ የቀረው ሰዓቱን ማዛመድ ብቻ ነበር፤ ራውተሩ የሚጠፋው ከቢሮው ጀርባ ባለው ምግብ ቤት እንጀራ በሚጋገርባቸው ቀናት፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከተሰካ በኋላ ሆኖ ተገኘ። መብራቱ ፈዘዝ ይላል እንጂ አይጠፋም፤ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ላፕቶፖች ስለነበሩ ምንም አልተሰማቸውም፤ የራውተሩ አዳፕተር ግን የወረደውን ቮልቴጅ አልቻለውም። ራውተሩ ወደ ሌላ የኤሌክትሪክ መስመር ተዛውሮ በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ለጊዜው በባትሪ ኃይል በሚሰጥ መሣሪያ) ሲደገፍ ችግሩ ቆመ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የወቀስነው አገልግሎት ሰጪ በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

አምራቾች መዝገቡን በሚጠፋ ቦታ ላይ የሚያኖሩት በግዴለሽነት አይደለም። የቤትና የአነስተኛ ቢሮ ራውተር በውስጡ ሲታይ ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት ማከማቻ አለው። ሶፍትዌሩና ቅንብሩ የሚቀመጡት ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋው ፍላሽ ላይ ነው፤ ይህ ፍላሽ በርካሾቹ ራውተሮች ላይ 8 ወይም 16 ሜጋ ባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። በሥራ ላይ የሚያስፈልገው ሌላው ሁሉ፣ መዝገቡም ጭምር፣ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ በሚሆነው ማህደረ ትውስታ፣ ማለትም ራም ላይ ይቆያል። በብዙ ራውተሮች ላይ ሊጫን የሚችለው ነፃው ኦፕን ደብሊውአርቲ ሶፍትዌር ለምሳሌ መዝገቡን የሚይዘው በራም ላይ በተከለለ ክብ ቦታ ሲሆን፣ የቦታው መጠን ሳይነካ ሲተው ለዓመታት 64 ኪሎ ባይት ነበር። አንድ መስመር በአማካይ 100 ባይት ያህል ይወስዳል ብንል፣ 650 መስመር ገደማ ከተጻፈ በኋላ አዲሱ መልእክት የቆየውን እየሻረ ይቀጥላል። የሚክሮቲክ ራውተሮችም ቅንብራቸው ካልተቀየረ በራም ላይ የሚይዙት 1,000 መስመር ነው። በዚህ ስሌት መሠረት መዝገብ የሚጠፋው ራውተሩ ሲጠፋ ብቻ አይደለም። ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው የራውተሩ ፋየርዎል ከውጭ የሚመጣውን እያንዳንዱን የማንኳኳት ሙከራ እንዲመዘግብ ከታዘዘ፣ ክፍት በር ፍለጋ ኢንተርኔትን ሌት ተቀን የሚያስሱት ፕሮግራሞች ብቻቸውን ቦታውን በአጭር ጊዜ ሞልተው ጠቃሚውን መልእክት ያስወጡታል። ስለዚህ ምን ይመዝገብ የሚለው ጥያቄ የት ይቀመጥ ከሚለው ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

ትልልቆቹ መሣሪያዎች በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አላቸው። የጁኒፐር ራውተሮች መዝገባቸውን በፋይል መልክ በማከማቻቸው ላይ ያኖራሉ፤ የሲስኮ ራውተሮች ደግሞ በራም ላይ ያለው መዝገብ ቢጠፋባቸውም፣ መጨረሻ የተነሱት ኃይል ተቋርጦ ይሁን ታዝዘው ወይም ተበላሽተው ሲጠየቁ ይናገራሉ፣ ሶፍትዌራቸው ሲወድቅም ለምርመራ የሚሆን ፋይል ትተው ያልፋሉ። የእኛ ጉዳይ ግን ይህ ሁሉ ስለሌላቸው ስለ ትናንሾቹ ነው።

«ታዲያ መዝገቡን ለምን ፍላሹ ላይ አንጽፈውም?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሳል። የተለመደው መልስ ፍላሽ ያልቃል የሚል ነው፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም በቁጥር ሊመዘን ይገባል። በእነዚህ ራውተሮች ላይ የሚገኘው ፍላሽ ተሰርዞ እንደገና የሚጻፈው በብሎክ ሲሆን፣ አንድ ብሎክ ብዙውን ጊዜ 64 ኪሎ ባይት ነው፣ 100,000 ጊዜ ያህል መሰረዝንም ይችላል። መዝገቡ በየደቂቃው ቢጻፍና ጽሕፈቱ ሁሉ አንድ ብሎክ ላይ ቢያርፍ ብሎኩ 70 ቀን አይሞላውም። እንደ ጄኤፍኤፍኤስ2 ያሉት የፋይል ሥርዓቶች ግን ድካሙን በብሎኮቹ ሁሉ ላይ ያከፋፍላሉ፤ 4 ሜጋ ባይት ነፃ ቦታ ማለት 64 ብሎክ ስለሆነ፣ ያው ጽሕፈት ከ12 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ በልኩ ለሚጻፍ መዝገብ የፍላሽ ማለቅ ሥጋት ከሚወራለት ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። 16 ሜጋ ባይት ባለው ራውተር ላይ ሶፍትዌሩ ከተጫነ በኋላ የሚተርፈው ቦታ በጣም ጥቂት ነው፤ እሱ በመዝገብ ሲሞላ ራውተሩ አዲስ ቅንብር ማስቀመጥ ያቅተዋል። በየጊዜው መብራት በሚሄድበት ከተማ ደግሞ ፋይል እየተጻፈ ሳለ ኃይል የመቋረጡ ዕድል ትንሽ አይደለም።

ፍላሽ ዲስክ በዩኤስቢ መሰካትም ይቻላል። ራውተሩ ወደቡ ካለው ርካሽ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ራውተሩ ዲስኩን ለይቶ ሳይከፍተው የመዝገቡ ጽሕፈት ከጀመረ ወይም ዲስኩ ከተነቀለ፣ ጽሕፈቱ ሳይታወቅ በራውተሩ በራሱ ፍላሽ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል አንድ ጊዜ ማስተካከል ብቻ በቂ አይሆንም። የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት የሆነው ከርነልም መጨረሻ የጻፈውን ከራም ላይ በተከለለ ቦታ አኑሮ ከተነሳ በኋላ መልሶ የሚያነብበት ዘዴ አለው፤ ይህ ከርነሉ ራሱ ወድቆ ሲነሳ እጅግ ይጠቅማል፣ ሶኬት ሲነቀል ግን ራሙም ኃይል ስለሚያጣ ምንም አያተርፍም።

በእኔ ፍርድ ለአብዛኛው ቢሮ፣ ትምህርት ቤትና የኢንተርኔት ካፌ የሚበጀው መዝገቡን በተጻፈበት ቅጽበት ከራውተሩ ማውጣት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ሲስሎግ የሚባለው ስልት አዲስ አይደለም፤ ኤሪክ ኦልማን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ለኢሜይል ማመላለሻ ፕሮግራሙ የሠራው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አርኤፍሲ 5424 በሚባለው ሰነድ ወጥ ደረጃ ተበጅቶለታል። እያንዳንዱ መልእክት ከ0 እስከ 7 የክብደት ደረጃ አለው፤ 0 ሥርዓቱ መሥራት አቁሟል ማለት ሲሆን 7 ለፕሮግራም ሠሪዎች ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ነው። ተቀባዩ ማንኛውም በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል። በራውተሩ በኩል የሚያስፈልገው የተቀባዩን አይፒ አድራሻ፣ የወደቡን ቁጥርና የመላኪያውን ዓይነት መሙላት ነው።

የመላኪያው ዓይነት ግን ቀላል ምርጫ አይደለም። የተለመደው በወደብ 514 በዩዲፒ መላክ ነው፤ ዩዲፒ ደረሰኝ እንደማይጠየቅበት ደብዳቤ ስለሆነ፣ ተቀባዩ ለአፍታ ከጠፋ የተላከው መልእክት መቅረቱን ላኪው አያውቅም። መልእክቱ መድረሱን የሚከታተለው ቲሲፒ የተባለው ሌላው የመላኪያ ዓይነት ይህን ያሻሽላል። መዝገቡ ከግቢ ውጭ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ቲኤልኤስ በሚባለው ስልት መመስጠር ይገባዋል፤ የዚህ ወደብ 6514 ነው። ከግቢ ውጭ ወዳለ ሰርቨር መላክ ብቻውን በቂ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። መስመሩ ሲቆም፣ መስመሩ መቆሙን የሚናገረው መልእክት በዚያው በቆመው መስመር ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተቀባይ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል የተገናኘና መብራት ሲሄድ የማይጠፋ መሆን አለበት። ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ተቀባዩ ወይም በመካከላቸው ያለው የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ስዊች ከግድግዳው ሶኬት ላይ ከሆነ፣ በጣም የሚፈለገው ደቂቃ ሳይመዘገብ ያልፋል።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የዝምታ ጉዳይ አለ። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ደህናው ራውተርም ለረጅም ጊዜ ምንም ላይጽፍ ይችላል፤ መዝገቡን በኋላ የሚያነብ ሰው ያ ክፍተት ሰላም ይሁን መጥፋት መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ራውተሩ በየ5 ደቂቃው አንድ አጭር መልእክት፣ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጨምሮ፣ እንዲልክ ማድረግ ትልቅ ዋጋ አለው። የቆይታው ቁጥር ወደ ዜሮ ከተመለሰ ራውተሩ ተነስቷል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሳይቋረጥ ቀጥሎ መልእክቶች ብቻ ከጎደሉ ደግሞ የተቋረጠው በራውተሩና በተቀባዩ መካከል ያለው መንገድ ነው። ኔትወርኩ ሳይነሳ በፊት የተጻፉት የመነሻ መልእክቶች አንዳንዴ ሳይላኩ ስለሚቀሩም ይህ ቁጥር ክፍተቱን ይሞላል።

ሰዓትም የራሱ ችግር አለው። ትናንሾቹ ራውተሮች ሲጠፉ ሰዓት የሚቆጥርላቸው ባትሪ ስለሌላቸው፣ ከኢንተርኔት ሰዓት እስኪያገኙ ድረስ አንዳንዶቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው ብለው ይጽፋሉ፣ ሌሎቹም በውስጣቸው ካለው የቅርብ ጊዜ ፋይል ቀን ይጀምራሉ። ኢንተርኔቱ ራሱ የቆመ ከሆነ የተሳሳተው ሰዓት ለረጅም ጊዜ ሊቀጥል ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ተቀባዩ መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት በራሱ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው፤ ራስበሪ ፓይ የሚጠቀም ሰው ግን ከ5ኛው በፊት ያሉት ዓይነቶች የሰዓት ቺፕ እንደሌላቸው፣ የ5ኛውም ባትሪ ለብቻው እንደሚገዛ ማወቅ አለበት። በእኛ አገር ላይ አንድ ተጨማሪ እርምጃ አለ። ብዙ መሣሪያዎች በዓለም አቀፉ ሰዓት ይጽፋሉ፤ 05:12 ተብሎ የተጻፈው በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር 08:12፣ በእኛ አነጋገር ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። «ኔትወርኩ 5 ሰዓት ላይ ጠፍቶ ነበር» የሚለውን የሠራተኛ ቃል ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ሳይቀይር ከመዝገቡ 05:00 ጋር የሚያነጻጽር ባለሙያ የሚመረምረው የሌላ ሰዓት ታሪክ ነው፤ የረፋዱ 5 ሰዓት በመዝገቡ ላይ 08:00 ነውና።

እስካሁን የተነገረው ስለ ብልሽት ነው፤ የሰው ተንኮል ሲጨመርበት ጉዳዩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 የሲስኮ የደኅንነት ጥናት ክፍል የሆነው ታሎስ፣ ቪፒኤንፊልተር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን መያዙን ይፋ አደረገ፤ ከተጠቁት መካከል የሊንክሲስ፣ የሚክሮቲክ፣ የኔትጊርና የቲፒ-ሊንክ ራውተሮች ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ የቤትና የአነስተኛ ቢሮ ራውተር ባለቤቶች ሁሉ ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ መከረ። ምክሩ ምክንያት ነበረው፤ የፕሮግራሙ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍሎች ራውተሩ ሲጠፋ የሚጠፉ ሲሆን፣ ከመጥፋት የሚተርፈው የመጀመሪያው ክፍል ሲነሳ አለቆቹን ለማግኘት በሚያደርገው ሙከራ ቢሮው በፍርድ ቤት ትእዛዝ የወሰደውን የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚያንኳኳ፣ የተያዙትን መሣሪያዎች ለመለየት ይረዳል። ይሁን እንጂ ምክሩን የተከተለ ባለቤት መዝገቡን አስቀድሞ ካላወጣ፣ ራውተሩ ተይዞ ከነበረ መቼ እንደተያዘና ማን እንደገባበት ሊነግረው የሚችለውን ጽሑፍ በገዛ እጁ አጠፋ። መዝገቡ ፍላሽ ላይ ቢሆንስ? ቪፒኤንፊልተር የፍላሹን መጀመሪያ 5,000 ባይት አበላሽቶ ራውተሩን ዳግም የሚያስነሳ ትእዛዝም ነበረው፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው መነሳት ያቅተዋል። ራውተሩን የተቆጣጠረ ሰው በራውተሩ ላይ ያለውን መዝገብም ይቆጣጠራል፤ አስቀድሞ ወደ ሌላ ማሽን የሄደውን መልእክት ግን ከራውተሩ ሆኖ መልሶ ሊሰርዘው አይችልም።

ሁሉም ሰው ተቀባይ ማሽን ሊያቆም አይችልም፤ ከአገልግሎት ሰጪ የሚመጡ አንዳንድ ራውተሮችም መዝገብን ወደ ውጭ የመላክ ቅንብር አያሳዩም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ከመንቀል በፊት ያለችው አንዲት ደቂቃ ብዙ ትሠራለች። የራውተሩን መብራቶች በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ በተለይ በፋይበር መስመር ላይ የብርሃን ምልክት መጥፋቱን የሚያሳየው ቀይ መብራት በርቶ እንደሆነ ማየት፤ ከዚያም የራውተሩን ገጽ በዋይፋይ ከፍቶ የመዝገቡን ገጽ ማውረድ ወይም ፎቶ ማንሳት፣ ሰዓቱንም መጻፍ ይገባል። ኢንተርኔት ባይኖርም የራውተሩ ገጽ ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ቀዩ መብራት በርቶ ከሆነ ራውተሩን ደጋግሞ መንቀል ፋይበሩን አይጠግነውም፤ ፎቶው ግን ለጥገና ባለሙያው ከየት እንደሚጀምር ይነግረዋል።

መዝገብ ሲጠበቅ የሰው ምስጢርም አብሮ ይጠበቃል። በአንድ ራውተር መዝገብ ላይ ማን ስልኩን ይዞ በስንት ሰዓት ወደ ቢሮ እንደገባና እንደወጣ ይታያል፤ ብዙ ስልኮች በባለቤቶቻቸው ስም ስለሚጠሩም ስሙን መገመት አያስፈልግም። የተጎበኙ ድረ ገጾች አድራሻ ጥያቄም እንዲመዘገብ ከተደረገ ነገሩ ከጥገና አልፎ ክትትል ይሆናል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒውተር ትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲይዙ ያዛል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታ ለምን ዓላማና ለምን ያህል ጊዜ ይያዛል የሚለውን ጥያቄ ያነሳል። ለሠራተኞቹ ብቻ ኔትወርክ ያዘጋጀ አነስተኛ ቢሮ የብልሽት መንስኤ ለመፈለግ የዓመት መዝገብ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ቀደም ሲል ባነሳሁት ቢሮ የተስማማነው መዝገቡ 60 ቀን ሲሞላው በራሱ እንዲሰረዝ፣ የድረ ገጽ ጥያቄዎች ጨርሶ እንዳይመዘገቡ፣ የሚከፍቱትም ሁለት ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ነበር፤ ሠራተኞቹም ይህ ተነገራቸው። ላፕቶፑ እስካሁን ከራውተሩ አጠገብ ተቀምጦ የየ5 ደቂቃውን መልእክት ይቀበላል፤ ባትሪው እየደከመ ስለሆነም በቅርቡ እሱም ከዩፒኤሱ ጋር መገናኘት ይኖርበታል።